ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት

ባለፈው ወር የመጨረሻው እሑድ፣ የእድራችን ወርሃዊ መዋጮ ተሰብስቦ አባላቱ ከተበተኑ በኋላ፣ አራት ሰዎች በእድሩ ቤት በረንዳ ላይ ቀርተን ነበር። ጨዋታውን የጀመሩት የእድሩ ዳኛ ናቸው። በሲባጎ በታሰረ ካርቶን ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው፣ የኑሮ ውድነቱ ባለበት ሁኔታ መዋጮውን መጨመርና ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚሰጠውን ገንዘብ ማሻሻል እንደሚያስፈልግ ካወሱ በኋላ፣ አጠገባቸው ወደ ተቀመጠችው ጎረቤታችን ዘወር ብለው፣ «አንቺ በየሆቴሉ የምታካሂጂውን ዓይነት ትልቅ ጉባኤ ለእኛም ብታዘጋጂልን ምን ይመስልሻል፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቋት። ይህች ሴት መተዳደሪያዋ መድረክ ማመቻቸት ነው፤ መሥሪያ ቤቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ወይም የአንድ አካባቢ ነዋሪዎችን በብዛት ሰብስበው ስለ ለውጥ ለማወያየት ሲፈልጉ ይጠሯታል። እርሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሌላው ጎረቤታችን ጣልቃ ገባ።

«ጋሼ፣ የእድሩን ገንዘብ በከንቱ አያስወጡ» አላቸው። እንደ ነገረን ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታቸው ከጥበቃ እስከ ኃላፊ ያለውን ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ወስዶ ሦስት ቀን በሆቴል አወያይቶ ነበር። ሠራተኛው በስምንት በስምንት ተከፋፍሎ፣ ሐሳቡን በትልልቅ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ጽፎ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ አንዱ ቡድን የሌላውን ጽሑፍ እየዞረ አንብቦ፣ በመጨረሻም አጨብጭቦ ተመለሰ። አበሉ ተወራረደ፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታሰረና ከፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ወጣ። «ባለፈው ዓመት ቢሮው ቀለም ሲቀባ ሠራተኞቹ ያንን ወረቀት አውርደው ወለሉ እንዳይበላሽ አነጠፉት። እኔም በገዛ እጄ ‹ራእያችን› ብዬ የጻፍሁትን በቀለም ጠብታ መካከል አነበብሁት» አለ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «አንተ የነገርኸን የአበል ጉዞ ነው፤ የእኔ ሥራ እርሱ አይደለም» ካለች በኋላ ነገሩን ከሥሩ ታስረዳን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ሁለት የአውሮፕላን ሞተር አምራቾች ተዋህደው አንድ ኩባንያ ከሆኑ በኋላ፣ ፍሬድ ኤመሪና ኤሪክ ትሪስት የተባሉ ምሁራን የኩባንያውን መሪዎች ባርፎርድ በተባለ ስፍራ ሰብስበው፣ በቅድሚያ ስለ ዓለም ሁኔታ፣ ቀጥሎ ስለ ኢንዱስትሪው፣ በመጨረሻም ስለ ራሳቸው ድርጅት እንዲነጋገሩ አደረጉ። ከዚህ ልምድ ተነሥተው ማርቪን ዌይስቦርድና ሳንድራ ጃኖፍ «ፊውቸር ሰርች» የተባለውን ዘዴ በአሜሪካ አስፋፉ። በዚህ ዘዴ ከ60 እስከ 70 የሚሆን ሰው ለሦስት ቀን ያህል አብሮ ይሠራል፤ ዋናው ሕጉም ጉዳዩ የሚነካው ወገን ሁሉ በክፍሉ ውስጥ መገኘቱ ነው። የሆስፒታል ጉዳይ ከሆነ ሐኪሙ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ፣ ታካሚውና የከተማው አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የሚስማሙበትን ይፈልጋሉ፤ የማይስማሙበትን ጽፈው ወደ ጎን ያኖሩታል።

ዳኛው እዚህ ላይ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ወደ ጎን የተቀመጠ ነገር ተመልሶ ይመጣል፤ እኛ በሽምግልና የምናውቀው ይህንን ነው» አሉ። እርሷም ሌላ ዘዴ አነሣች። ሃሪሰን ኦውን የተባለው አሜሪካዊ አንድ ትልቅ ጉባኤ ብዙ ደክሞ ካዘጋጀ በኋላ ከሁሉ የተወደደው የሻይ እረፍቱ ሆኖ ስላገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አጀንዳው አስቀድሞ የማይጻፍበት፣ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አጀንዳውን ራሳቸው የሚያወጡበት ጉባኤ ጀመረ። በዚያ ጉባኤ የማይማርበትና የማይጠቅምበት ቦታ የተቀመጠ ሰው በሁለት እግሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክብ መሄድ ይፈቀድለታል። ዳኛው ሳቁ። «በእኛ ዘንድ በሁለት እግሩ ተነሥቶ የሄደ አባል በማግስቱ የመቅሪያ ቅጣት ይከፍላል።»

ክርክሩ የከረረው ሒሳብ ሠራተኛው ስለ ኒውዮርክ ሲያነሣ ነው። ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ እኔም ይህን ያህል ይከታተላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2002 ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ትልቅ የስብሰባ ማዕከል በየጠረጴዛው ተቀምጠው፣ በሽብር ጥቃት የፈረሱት መንትያ ሕንፃዎች በነበሩበት ቦታ ላይ ምን ይሠራ በሚለው ጉዳይ ተወያዩ፤ በእጃቸው በያዙት የድምፅ መስጫም ሐሳባቸውን ገለጹ። የቀረቡላቸውን ስድስት ንድፎች አልወደዷቸውም፤ ባለሥልጣናቱም ንድፎቹን ትተው አዲስ የንድፍ ውድድር ጠሩ። «ይኸው ሠራ አይደለም?» አለች ሴትዮዋ። «አልጨረስሁም» አላት። ስድስቱ ንድፎች የተመሳሰሉበት ምክንያት ቦታው 11 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ ያህል ቢሮ መያዝ አለበት ተብሎ አስቀድሞ በመወሰኑ ነው፤ ይህም የመጣው ከጥቃቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ከተፈረመው የሕንፃዎቹ የ99 ዓመት የኪራይ ውል ነበር። ሕዝቡ የቢሮው ብዛት ከልክ በላይ ነው ቢልም፣ በኋላ በተመረጠው ዕቅድ የሕንፃዎቹ መልክ ተለወጠ እንጂ የቢሮው መጠን ብዙም አልቀነሰም።

እርሷ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያው ስለ ከምባታ ስማኝ» አለችው። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ። ቦጋለች ገብሬ ትምህርቷን በውጭ አገር ተከታትላ ተመልሳ፣ ከእኅቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት ስትመሠርት፣ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ወዲያው አላስተማረችም። ሽማግሌዎቹ የቸገራቸው ድልድይ መሆኑን ሲነግሯት ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በየጊዜው እየተገናኙ ወራትን የፈጀ የማኅበረሰብ ውይይት አካሄዱ። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር፣ እርሷ አለመገረዟን፣ ሙሽራውም በዚህ መደሰቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አንግበው ታዩ። ዩኒሴፍ ባስጠናው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከመንደሩ ሰዎች ከመቶ 97ቱ ግርዛትን ይደግፉ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 የሚደግፉት ከመቶ አምስት በታች ሆነው ተገኙ።

«ለምን በየቤቱ እየዞሩ አላስተማሩም?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ። መልሷ ከክርክሩ ሁሉ እጅግ የረባው ነበር። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልጁን ሳያስገርዝ ቢቀር ልጅቱ ባል ታጣለች፤ ስለዚህ ጉዳቱን በልቡ የሚያምን አባት እንኳ ብቻውን አይወጣም። ጄሪ ማኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የቻይናን የሴቶች እግር የማሰር ልማድና ግርዛትን አነጻጽሮ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቀን፣ አንዱ ሌላውን እያየ ካልተወው ማንም አይተወውም። የወንድ ልጅ እናት «ያልተገረዘችውን ለልጄ አጫለሁ» ስትል የሴት ልጅ እናት በጆሮዋ መስማት አለባት። ይህ ደግሞ በየቤቱ በመዞር አይገኝም።

ሒሳብ ሠራተኛው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ነገር ግን «የእኛስ መሥሪያ ቤት?» ብሎ ጸና። እኔም በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ወደዚያ ሆቴል ስትሄዱ አዲሱ መዋቅር ጸድቆ ነበር? «ከሁለት ወር በፊት ጸድቋል። የቀረው የሠራተኛ ምደባ ብቻ ነበር» አለ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሁለቱም ስለ ዘዴው ሲከራከሩ ቢያመሹም፣ የከምባታውን ውይይት ከሆቴሉ የለየው ወረቀትና ማርከር አይደለም፤ የቀኑ ብዛት እንኳ ብቻውን አይደለም። በከምባታ ወሳኙ ራሱ ተሰብሳቢው ነበር፤ አማቱም፣ አባቱም፣ ሙሽራውም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ቃለ ጉባኤውን ተቀብሎ የሚያጸድቅ ሌላ አካል በላያቸው አልነበረም። በመሥሪያ ቤት ግን ወሳኙ ከአዳራሹ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ ካልተጠራ አይገኝም። የአሜሪካው ኩባንያ ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በኃላፊው በጃክ ዌልች ዘመን የጀመረው «ወርክ አውት» ይህን ተረድቶ ነበር፦ ሠራተኞቹ ሲመክሩ አለቃው ይወጣል፣ በመጨረሻው ቀን ይመለሳል፣ በቀረበለት ሐሳብ ላይም እዚያው በፊታቸው እሺ፣ እምቢ ወይም በዚህ ቀን እመልሳለሁ ማለት ይገደዳል። በኒውዮርክም ያልተፈረመው ተለወጠ፤ የተፈረመው በቦታው ቀረ። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛው ብዙ ሰው ሰብስቦ መምከር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቱን አልቀበልም፤ ወዳጃችን ግን ሥራ ስትቀበል ምን ያህሉ እንደተወሰነ አስቀድማ መጠየቅ ነበረባት። ይህንኑ ብነግራት፣ «አንዳንዴ እጠይቃለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ከጠየቅሁ ሥራው ለሌላ ይሰጣል» አለችኝ፤ እውነቷን ስለ ነገረችን አከበርኋት።

በዚሁ ወደ ዳኛው ዞሬ፣ የመዋጮው ጭማሪ ገና ያልተወሰነ መሆኑን ጠየቅኋቸው። ክንዳቸውን ከካርቶኑ ላይ አነሡና ሲባጎውን ፈቱት። አዲሱ የመዋጮ ካርድ ከማተሚያ ቤት መጥቶ ኖሯል፤ የጭማሪው ልክም በእያንዳንዱ ካርድ አናት ላይ ታትሟል።