ማስተካከያ፦ ሰርን ተጨማሪ ልኬቶች «የሉም» አላለም

ቀደም ሲል በወጣው ዜና የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሆነው የሰርን ሳይንቲስቶች «ተጨማሪ የህዋ ልኬቶች (ከርዝመት፣ ከወርድና ከቁመት ሌላ ያሉ አቅጣጫዎች) እንደሌሉ አረጋግጠዋል» ተብሏል። አላረጋገጡም፤ ትክክሉ «ምልክታቸውን አላገኙም» የሚለው ነው።

በጄኔቫ አቅራቢያ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው ማፋጠኛ ፕሮቶኖች ሲጋጩ አንዳንዴ የቅንጣቶች ፍንጣቂ በአንድ ወገን ብቻ ይታያል፤ በተቃራኒው በኩል ሚዛኑን የሚጠብቅ ነገር አይመዘገብም። የጎደለውን ኢነርጂ ግራቪቶን (ስበትን ያስተላልፋል ተብሎ የሚታሰብ፣ ገና ያልተገኘ ቅንጣት) ወደ ሌላ ልኬት ይዞት ገብቶ ይሆን? አስቸጋሪው ነገር ኒውትሪኖዎችም (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ የታወቁ ቅንጣቶች) ሳይታዩ አምልጠው ተመሳሳይ ምልክት መተዋቸው ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የሚታወቁት ሂደቶች ከሚሰጡት ቁጥር በላይ የሆነ ትርፍ ነው፤ እሱ አልተገኘም። በማፋጠኛው ካሉት መመርመሪያዎች በአንዱ የሚሠራው የአትላስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ተጨማሪዎቹ ልኬቶች ሁለት ከሆኑ ስበት የሚበረታበት የኢነርጂ መጠን ከ11.2 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ ደግሞ ከ5.9 በላይ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ገና አልተፈተሸም።

«እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የታየው የ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉብታስ?» ለሚሉ፦ በጥንድ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መረጃ ላይ የታየው ያ ጉብታ፣ ማለትም ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ጭማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ጠፍቷል። እስከዚያው ግን ስለ እሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ወጥተው ነበር፤ ግራቪቶን ነው ያሉም አልጠፉም።