ወራጁ ነው ባጃጁ?

የተነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሜታል አተሞች እርስ በርስ ተያይዘው ክላስተር ሲሠሩ፣ ምላሽ ሰጪነቱን የሚወስነው ማነው? ሜታሉ ነው ወይስ ዙሪያውን የያዙት ሊጋንዶች (ከሜታሉ ጋር የተያያዙ ሞለኪውሎች)? ሁለቱም ጸሐፊዎች የሀዋሳ ናቸው፤ አንዷ የማስተርስ ተማሪ፣ አንዱ አንጋፋ መምህር።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ወደ አሞራ ገደል የሚሄድ የሞላ ባጃጅ ያስቡ። የሚገቡት «ወራጅ አለ!» የሚል ሲገኝ ብቻ ነው። 3 ኦስሚየም አተሞች 12 ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጭኑ እንደዚያ ናቸው። በደንብ ካላሞቁት ማንም ንቅንቅ አይልም። ከ12ቱ ሁለቱን በአሴቶናይትሪል፣ ማለትም ላላ ብሎ በሚያያዝ ሊጋንድ፣ ይተኩ። እሱ ገና ሲሳፈር እግሩ በር ላይ ነው። አሁን ፎስፊን (በፎስፈረስ በኩል የሚያያዝ ሊጋንድ) ቢያመጡ በክፍል ሙቀት ቦታ ያገኛል። ሜታሉ ያው ኦስሚየም ነው። የተቀየረው ተሳፋሪው ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ምሳሌሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን ባጃጁን ረሳሽው። ተሳፋሪዎቹን አትንኪ፣ 12ቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሁኑ። ሜታሉን ብቻ ቀይሪ። ብረት (አይረን) ላይ ትራይፌኒልፎስፊን የሚባለውን ፎስፊን ስትጨምሪ ክላስተሩ ራሱ መበታተን ይጀምራል፤ አንድ ብረት ብቻ የያዙ ቁርጥራጮች ታገኛለሽ። ኦስሚየም ግን ሦስት ማዕዘኑን አይለቅም። ከብረት ወደ ሩቴኒየም፣ ከዚያ ወደ ኦስሚየም በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ ስትወርጂ በሜታሎቹ መካከል ያለው ትስስር እየጠነከረ ይሄዳል። ባጃጁ ከተገነጣጠለ ስለ ወንበር ምን እናወራለን?

ተማሪዋ፦ አንዳንዴ የሚገነጣጥለውም ተሳፋሪው ነው እኮ! ኬሚስቱ ቶልማን የፎስፊኖችን ስፋት በዲግሪ ለክቷል፦ ትራይሜቲልፎስፊን 118፣ ትራይፌኒልፎስፊን 145። ሰፊው ሲገባ ጎረቤቱን ይገፋል፤ የተገፋው ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። በሌላ በኩል ፎስፊን ኤሌክትሮን ስለሚለግስ፣ የቀሩት ካርቦን ሞኖክሳይዶች ከሜታሉ ጋር ይበልጥ ይጣበቃሉ። እንግዲህ አንዱ ሊጋንድ በአንድ እጁ ሲገፋ በሌላው ያጠብቃል። ስለ መበታተኑም ጋሼ፣ ሦስቱንም ሜታሎች እንደ ክዳን ከላይ የሚይዝ የፎስፈረስ ሊጋንድ አለ። ባጃጁን ያሰረው ማነው እንግዲህ?

መምህሩ፦ ክዳኑን አልክድም። ግን ያን የምትወጂውን አሴቶናይትሪል ሩቴኒየም ላይ አድርጊው። በብርድ ትሠሪዋለሽ፤ ሲሞቅ ይበላሽብሻል። የኦስሚየሙን ግን ዱቄቱን ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። ሊጋንዱ ያው፣ ቁጥሩም ያው።

ተማሪዋ፦ ሩቴኒየሙ ላይ ቀድሞ የወረደውስ ማነው? አሴቶናይትሪሉ ነዋ!

መምህሩ፦ ያወረደው ማነው?