ውስጡን ለቄስ፣ ግድግዳውን ለቀለም

ቤት ሊሸጥ ሲል የሚያምረውን ያህል ሰው ሲኖርበት አምሮ አያውቅም። ይህን ጥበብ እዚህ ላደረሱት የአዲስ አበባ ቤት ሻጮች ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ተድረው እስኪወጡ ብሩሽ ያልነካው ግድግዳ ደላላው «ገዢ አለኝ» ባለ ሳምንት ፏ ይላል። ለገዛ ልጅ ያልተደረገው ለማያውቁት ሰው ይደረጋል። እንግዳ ተቀባይነታችን እዚህ ድረስ ነው።

ከሁሉ በፊት ለቀለም እጅ እነሳለሁ። የመኝታ ቤቱን ማዕዘን እንውሰድ። አሸንዳው ከተቀደደ ቆይቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በግድግዳው ይወርዳል። ግድግዳው ይጠቁራል፣ ጨው ያወጣል፣ ልስኑ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የዋህ ሰው ቢሆን መሰላል አስደግፎ አሸንዳውን ይቀይር ነበር። ብልህ ሻጭ ግን ቀቢ ይጠራል። ቀቢው የላላውን ይፍቃል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ያለብሰዋል። ሐቀኛ ቀቢ ከሆነ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ እርጥብ ነው፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል» ማለቱ አይቀርም። ጋሼ ፈገግ ይላሉ። ክረምት ሲገባ ቤቱ የሳቸው አይደለም።

ደግሞ ወቅት አመራረጣቸው! ሐምሌና ነሐሴ ቤት ማሳየት ነውር ነው፤ ጣሪያው ሚስጥር አይጠብቅም። ጥቅምት ላይ ግን ፀሐዩ ደማቅ፣ ግቢው አረንጓዴ፣ ቆርቆሮው ዝምተኛ ነው።

ከቀለም ቀጥሎ የምሰግደው ለጅብሰም ኮርኒስ ነው። ደረጃ ደረጃ ተሠርቶ፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት ተቀብሮበት፣ ሳሎኑን የሰርግ አዳራሽ ያስመስለዋል። ከኮርኒሱ በላይ የሚስማሩ ጎሚኒ ደርቆ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማን ሊያየው? ኮርኒስ ማለት ለዚህ የተሠራ ነገር ነው። ጅብሰም ውሃ ሲነካው እንደሚላሽቅና ቁልቁል እንደሚወርድ የሚያነሳ ሰው ካለ ምቀኛ ነው።

ገዢ የሚመጣበት ቀን ራሱን የቻለ ድግስ ነው። ቄጤማ ይጎዘጎዛል። የተሰነጠቀው ሴራሚክ ያለው በትክክል ቄጤማው የወፈረበት ቦታ ነው። ዕጣን ይጨሳል፤ የእርጥበቱ ሽታ እጁን ይሰጣል። ቡና ይፈላል። ቁም ሳጥኑ ትናንት ከነበረበት ተነሥቶ ዛሬ ያቺ ማዕዘን ላይ ቆሟል። ሮቶው ከሌሊት ጀምሮ ተሞልቷል፤ ቧንቧው ሲከፈት ይንፏፏል። «ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ አይደለም እንዴ?» የሚል ጎረቤት ካለ ያን ቀን ለቅሶ እንዲሄድ ይመከራል።

ገዢዎችንም ሳላመሰግን አላልፍም። ይህ ሁሉ ጥበብ ያለ እነሱ ከንቱ ነበር። ገዢያችን በር ላይ ቆሞ ቀና ሲል መብራቱን ያያል። አሸንዳ ፍለጋ ከቤቱ ጀርባ የሚዞር ገዢ አንገት ያስደፋል፤ «ምን ያህል ቢጠራጠረን ነው?» ያሰኛል። የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን አስከፍቶ ማየትማ ጭራሽ ብልግና ነው። ውጭ አገር ያለው ገዢ ደግሞ የበለጠ ይመቻል። ቤቱን የሚያየው ወንድሙ በሚልክለት ቪዲዮ ነው፤ ሽታ በስልክ አይተላለፍም።

በዚህ መሀል ብርቅ ሞኝ አይጠፋም። ቤቱን ከመሸጡ በፊት የተበሳውን ቆርቆሮ ለይቶ የሚቀይር፣ አሸንዳ የሚያስገጥም፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጎሚኒ የሚለውጥ፣ ቀለሙን ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ የሚያቆይ። ይባስ ብሎ በጓሮ የሠራት ሰርቪስ ካርታው ላይ አለመኖሯ ያሳስበውና ወረዳና ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። ወጪው ከጅብሰሙ ቢያንስም ትርፉ ምን ሆነ? ደላላው መጥቶ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ምንም አላደሱትም እንዴ?» አለው። ቀና ብሎ ጣሪያ የሚያይ ደላላ ገና አልተወለደም። ቴሌግራም ላይ «አሸንዳው የማያፈስ፣ 200 ካሬ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ገብቶ መኖር ብቻ» ነው የሚሸጠው።

ሕጉም ቢሆን ከልብ አልተጨነቀም መሰለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም ይላል። በጽሑፍ! እኛ ደግሞ ጽሑፍ እንወዳለን። ስም፣ ካሬ፣ የካርታ ቁጥር፣ ዋጋ፣ የምስክሮች ፊርማ፤ ሁሉም አለ። ስለ ማዕዘኗ ግን አንድ መስመር የለም። ገዢው ስላልጠየቀ ሻጩ ምን አፍ አለው?

ከዚያ ሐምሌ ይገባል። አዲሱ ባለቤት ሌሊት ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል። ጠዋት ቁም ሳጥኑን ገፋ ያደርጋል። ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ይበሳጫል፣ ሻጩን ይረግማል፣ ደላላውን ይደውልለታል፤ ስልኩ አይነሣም። ቡና ጠጥቶ ሲረጋጋ ግን አእምሮው ይሠራል። ጥቅምት ሩቅ አይደለም። ጎረቤቱን ጥሩ ቀቢ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ቀቢው ሲመጣ ማዕዘኗን እንዲያሳዩት እንኳ አይጠብቅም፤ መንገዱን ያውቀዋል፣ የቀለሙንም ቁጥር በቃሉ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ እርጥብ ነው» ይላል እንደ ልማዱ።

አዲሱ ጋሼ ፈገግ ይላሉ።