ከሰው ሳህን ላይ ዓይናችሁን አንሱ

እናቴ በሁዳዴ እንቁላል የምትበላው ተደብቃ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏት፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ብሯ የገዛችውን እንቁላል።

ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሐኪሙ "ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይብሉ" ብሏታል። የንስሐ አባቷም አላንገራገሩም። "አንቺ ታማሚ ነሽ፤ መድኃኒትሽንም ምግብሽንም በሰዓቱ" አሏት። ሐኪምም ፈቀደ፣ ቄስም ፈቀዱ። የቀረነው እኛ ነን።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዷ ተወጋች። እንቁላሉን ላጠች፣ ዳቦ ቆረሰች። ገና አንድ ጊዜ እንኳን ሳትጎርስ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ከኪዳን ስትመለስ "እንዴት አደራችሁ" ልትል ጎራ ብላ ነው። እናቴ ሰፌዱን አንስታ እንቁላሉ ላይ ደፋችበት። ጎረቤታችን ተቀመጠች። ወሬው ከሽንኩርት ዋጋ ተነሳ፣ ወደ እድሩ ተሻገረ፣ ከእድሩ ወደ ሰው ልጅ ሠርግ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የእናቴ ድምፅ ሲቀየር ሰማሁ። ቃሉ አፏ ውስጥ ይጎተታል። ብወጣ ግንባሯ ላብ በላብ፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጣቷን ወግቼ ለካሁት፤ 43። ስኳር ከ70 ሲወርድ ነው "ወርዷል" የሚባለው። ትንሽ ብንዘገይ ራሷን ትስት ነበር።

ስኳሩን በውኃ በጥብጣ እየሮጠች ያመጣችው ያቺው ጎረቤታችን ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ስለ እንቁላሉም ትንፍሽ አላለችም፤ አላየችውም እኮ! እናቴን የጣላት የሚባለው ነገር ሳይሆን "ይባል ይሆናል" ብላ የፈራችው ነው።

እና ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ልበል። በሰው ሳህን ላይ የተከልነውን ዓይን እናንሳ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እኔ እጾማለሁ። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታን። ጾም ይፍረስ የሚል ሰው አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። ሥርዓቱ ራሱ በር አለው። በሩን ዘግተን የቆምነው እኛ ነን።

በሐዋርያት ስም በተጻፈው ቀኖና ሁዳዴን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾም ካህን ይሻር ይላል። ከባድ ቃል ነው። ግን እዚያው ላይ፣ የሥጋ ደዌ ከከለከለው በቀር ይላል። ለካህን የተከፈተ በር ለእናቴ ይዘጋል? ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለሚደጋገም ሕመሙ ውኃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ጥቂት ወይን እንዲወስድ ይመክረዋል። "በርታ፣ ቻለው" አላለውም። ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስጠነቅቃል። ይህን ሲነበብ እንሰማለን። ከዚያ ወጥተን ነፍሰ ጡር ሴት ወተት ስትጠጣ ካየን እንጠቃቀሳለን።

ሙስሊም ወገኖቼ ቤትም ያው ነው። በቁርኣን፣ አል-በቀራ በተባለው ምዕራፍ፣ ጾም በተደነገገበት በዚያው ስፍራ የታመመና መንገደኛ በሌላ ቀን እንዲያወጣው ተፈቅዷል። ሆኖም በረመዳን ቀን ክኒኑን በውኃ ሊውጥ ሽንት ቤት የሚገባ አዛውንት አውቃለሁ። ከፈጣሪ አይደለም የሚደበቁት፣ ፈቃዱን የሰጣቸው እሱ ነው። የሚደበቁት ከእኛ ነው።

ይኸው ዓይናችን ፍስክ ሲገባ ደግሞ ተገልብጦ ይመጣል። ትናንት "እንዴት ትበላለህ" ያለው አፍ ዛሬ "እንዴት አትበላም" ይላል። አጎቴ ሪህ አለበት። ሥጋና ቢራ ሲበዛበት የእግሩ አውራ ጣት አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳን ይጮሃል። የፋሲካ ዕለት ይህን ሁሉ አስረድቶ ቁጭ አለ። "በሞቴ!" ተባለ። "አንድ ጉርሻ አይገድልም" ተባለ። እውነት ነው፣ ያንተ ጉርሻ አንድ ናት። አጉራሹ ግን አሥር ነው። በማግስቱ አጎቴን ደግፈን ወደ ሐኪም ስንወስደው ከአሥሩ አጉራሾች አንዱም አብሮን አልነበረም። "በሞቴ" ያሉት ሁሉ በሕይወት አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያመመው እሱ ነው።

ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። እኔም አጎርሳለሁ። ግን ከማጉረሳችሁ በፊት "ምን ይስማማሃል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ፍቅሩ አይቀንስም። ደም ግፊት ላለበት ሰው ጨው የበዛበት ወጥ አቅርቦ "አልበላልኝም" ብሎ ማኩረፍ ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው?

አሁን ደግሞ ሌላ ጾም መጥቷል። ይኼኛው ካህን የለው፣ ንስሐ አባት የለው። የሚታወጀው በስልክ ነው። እንጀራ ያወፍራል፣ ተው። ሩዝ መርዝ ነው፣ ተው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውኃ። ማታ ተልባ። ሽፈራው ለሁሉም በሽታ። ቀጥሎ ኬቶ፤ እንጀራና ዳቦ የመሳሰለውን ትቶ በብዛት ቅባት መብላት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጾም ሸሽተው የስልኩን ጾም ድርቅ ብለው የያዙ ጓደኞች አሉኝ። የፊተኛው ቢያንስ ለታመመ ይራራል። የኋለኛው "ካቃተህ ቁርጠኛ አይደለህም" ነው የሚልህ።

ስለ ኬቶ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አመጋገብ በ1921 (በፈረንጆቹ) አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ራስል ዋይልደር የተባለ ሐኪም ያወጣው ለሚጥል በሽታ ነበር። ዛሬም መድኃኒት ያልበገረው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ግራሙ ተመዝኖ፣ ደሙ እየተመረመረ። እኛ ግን አቮካዶና እንቁላል በሳህን ፎቶ አንስተን ለሁሉም አደልነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ይህን ቢጀምር ወይ ስኳሩ ሊወድቅ፣ አልያም መድኃኒቱን ራሱ ቀንሶ ደሙ በአሲድ ሊሞላ ይችላል። ሁለቱም ድንገተኛ ክፍል ያስገባሉ። ቪዲዮውን የለቀቀው ልጅ ያኔ ሌላ ቪዲዮ እየሠራ ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ላጋልጥ። ጨጓራ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፣ ሁሉም አዘዘልኝ። አንዱ በርበሬ ተው አለኝ። ተውኩ። አንዱ ወተት ጠጣ፣ ያለሰልስልሃል አለኝ። ጠጣሁ፤ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። በመጨረሻ ሎሚና አቼቶ በባዶ ሆድ ተባልኩ፤ ያንንም ሦስት ወር ጠጣሁ። ጨጓራን በአሲድ! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በኋላ ተመረመርኩ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። ሐኪሜ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ሲጽፍልኝ አንድ ታሪክ ነገረኝ። የጨጓራ ቁስል ለረጅም ዘመን ከጭንቀት፣ ከቅመምና ከአሲድ ብቻ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በዓለም ዙሪያ በሽተኛው ሁሉ አልጫ ይብላ፣ ወተት ይጠጣ ተባለ። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ የለም፣ ከአብዛኛው ቁስል ጀርባ ባክቴሪያ አለ አሉ። ሰው ሳቀባቸው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመና አሳየ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ያን ሁሉ ዘመን አልጫ የበሉት ሰዎች አሳዘኑኝ።

መድኃኒቱን ከጨረስኩ በኋላ በርበሬን በትንሽ በትንሹ መለስኩት። ምንም! የእኔ ጠላት ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በባዶ ሆድ የምጠጣው ቡና። ቁርስ ቀምሼ ከጠጣሁት ሰላም ነው። ባለቤቴ ደግሞ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ሁለት ስኒ ብትጠጣ አይነካትም። ቀይ ወጥ ግን ማታ ከበላች ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታድራለች። አንድ ቤት፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ሆድ። የሷን ሕግ ለእኔ፣ የእኔን ለሷ ብንሰጥ ሁለታችንም በሽተኛ ነን።

ወተቱም ምስጢር አልነበረውም። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የወተቱን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም። ልጅ ሳለ ይችላል፣ ሲያድግ አቅሙ ይቀንሳል። ከብትና ግመል አርቢ በሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ብዙ ሰው አድጎም ይችለዋል። ስለዚህ አንዱ ወተት በጣሳ ጨልጦ ሲሄድ ሌላው በአንድ ብርጭቆ ቢታመስ ቅብጠት አይደለም። እርጎ ሲሆን ስኳሩ ስለሚቀንስ ለብዙዎች ይቀላል። ለእኔ ቀለለኝ።

ጤፍም እንዲሁ። ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የለውም፤ የስንዴ ግሉተን አንጀቱን ለሚያቆስልበት ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ውጭ አገር ያላችሁ፣ ከሱቅ የምትገዙት እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና ጠይቁ። "እንጀራ ነው፣ ምን ይለዋል" ብላችሁ ለታመመ እንግዳ አታቅርቡ።

እዚህ ላይ ግን የሚደሰት ሰው እንዳለ ይሰማኛል። "ይኸው፣ ሰውነቴ የጠየቀኝን ልብላ ነው!" ብሎ ወደ ሥጋ ቤት የሚያቀና። ቆይ ወንድሜ። ምላስ የወደደውና ሰውነት የተስማማው አንድ አይደሉም። ሰውነት የሚመሰክረው ስትጎርስ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። በልተህ ከባድ እንቅልፍ የሚጥልህን፣ የሚነፋህን፣ የሚያቃጥልህን አስተውል። ሁለት ሳምንት ያህል የበላኸውንና የተሰማህን በወረቀት ጻፍ። እኔ የቡናውን ነገር የያዝኩት እንዲህ ነው። ስኳር፣ ግፊትና ኩላሊት ግን በስሜት አይታወቁም፤ እነሱ ሳያሳምሙ ነው የሚጎዱት። ለነሱ ልኬት ያስፈልጋል።

መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ጾሙ ከመያዙ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። መጾም የሚችል ስኳር በሽተኛ አለ፤ መጠኑና ሰዓቱ ተስተካክሎለት። የማይችልም አለ። መድኃኒት ወስዶ ምግብ መተው፣ ወይም ምግብ ስለተወ መድኃኒቱንም በራሱ መተው፣ ሁለቱም አደገኛ ነው። ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችሁ፣ ወደ ሸኻችሁ። እነዚህ ሰዎች ከምታስቡት በላይ ይራራሉ። እኔ ያገኘኋቸው አጥባቂዎች በአብዛኛው ካባም ጥምጣምም የላቸው። ቡና ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴም እኔ ራሴ።

አዎ፣ እኔም። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ በነቢያት ጾም ቺዝ ስትበላ አይቼ "ዛሬ ምን ተገኘ?" አልኳት፣ እየሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ምሳዋን ጀርባዋን ሰጥታን መብላት ጀመረች። ነፍሰ ጡር እንደነበረች ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምንም አይደል" አለች። ወንበሯን ግን ወደኛ አልመለሰችውም።

ጎረቤታችን ያን ዕለት የሆነውን ከሰማች ወዲህ በሁዳዴ ጠዋት ስትመጣ ከደጅ ጀምራ "በልተሻል?" እያለች ነው የምትገባው። አጠገቧ ቁጭ ብላ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም። እናቴም ትበላለች። ግን ዛሬም ድረስ በር ሲንኳኳ እጇ ወደ ሰፌዱ ይሄዳል።