ሉጎሲ ዕድሜ ልኩን ድራኩላ አልነበረም

አብሽር ወንድሜ፣ የጻፍከው ደሴ ላይ ስለ ድሮ ፊልም ሲወራ ሁሌ የሚነሳ ነገር ነው። «ቤላ ሉጎሲ በየፊልሙ ድራኩላን ሲጫወት ኖሮ፣ ሲሞት በካባው ቅበሩኝ ብሎ ተናዘዘ» ብለሃል። ሉጎሲ የድሮ ፊልም ተዋናይ ነው፣ ድራኩላ ደግሞ ደም መጣጩ ገጸ ባሕርይ፤ ነገሩ ግን እንደሱ አይደለም።

በረጅም ፊልም ድራኩላን የተጫወተው 2 ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1931 እና በ1948 እ.ኤ.አ.። በሌሎች ፊልሞችም ካባ ለብሶ ደም መጣጭ ሆኖ ስለሚታይ ነው ሰው የሚምታታበት። የ1931ዱን ደግሞ ልብ ብለህ እየው፣ የሾለ ጥርስ አንዴም አያሳይም። የሚያስፈራው ቀጭን መብራት ያረፈበት ዓይኑ ነው።

በ1956 ሲሞት በካባ መቀበሩ እውነት ነው፤ ግን የልጁና የቀድሞ ሚስቱ ውሳኔ እንጂ የሱ ኑዛዜ አልነበረም።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ወሬ የሸፈነው ነገር ነው። ሰውየው ሀንጋሪ ውስጥ የታወቀ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በ1919 ተዋንያንን በማኅበር ሲያደራጅ ቆይቶ መንግሥት ሲወድቅ ተሰደደ። አሜሪካ ገብቶ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቴአትር የሠራው ቋንቋውን ሳይችል፣ ቃሉን በድምፁ ብቻ ሸምድዶ ነው። ከወሎ ዓረብ ሀገር ሄዶ ቋንቋ ሳያውቅ ሥራ የጀመረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። በኋላም ያ የሀንጋሪ ቅላጼው ከአስፈሪ ገጸ ባሕርያት እንዳይወጣ አሰረው።

ችሎታውን ማየት ከፈለግክ በ1939 «ሰን ኦፍ ፍራንክንስታይን» ላይ ኢጎርን ሆኖ ሲጫወት ተመልከተው፤ አንገቱ የተሰበረ፣ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ተንኮለኛ፣ ድራኩላን ፈጽሞ የማይመስል።