ስለ ሳንባ የሚነገረን ቁጥር ከየትኛው ሕዋስ መጣ?

መድኃኒትን በእንስሳት ላይ መሞከር ይቅር የሚለው ድምፅ ዛሬ ከተሟጋቾች አልፎ ወደ ተቆጣጣሪዎች ደርሷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ፣ አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የግድ በእንስሳት ላይ ይሞከር የሚለውን ግዴታ አንስታለች። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2025፣ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ከሚባሉት (በቤተ ሙከራ ከሚመረቱ ፀረ-እንግዳ አካል መድኃኒቶች) ጀምሮ፣ የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ በሌላ ዘዴ ለመተካት ያወጣውን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። እርምጃውን እደግፋለሁ። የአይጥ አካል የሰውን አካል በብዙ ነገር አይወክልም፤ መድኃኒትን ከሕዋስ ገፍቶ የሚያስወጣው ፒ-ግላይኮፕሮቲን እንኳ በሰው ውስጥ ከአንድ ጂን ሲሠራ በአይጥ ውስጥ ከሁለት ነው። ነገር ግን ከእንስሳው ላይ የተነሣው ሸክም በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳት ላይ ይወድቃል። ወደ ሳንባ ስንመጣ፣ በተለይም መድኃኒት አጓጓዥ ፕሮቲኖችን በተመለከተ፣ ሕዋሳቱ ይህን ሸክም እንዲችሉ ገና አላዘጋጀናቸውም።

በአፍ ተስቦ የገባ መድኃኒት የአየር ቧንቧው ገጽ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ አይሰርግም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች አንዳንዱን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ አንዳንዱን መልሰው ያስወጣሉ። ስለ አስወጪዎቹ ያለን ዕውቀት የመጣው ባብዛኛው ከካንሰር ምርምር ነው። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በ1976 የታወቀው ኮልቺሲን የተባለውን መርዝ ከተቋቋሙ የሃምስተር ሕዋሳት ነው። ኤምአርፒ1 በ1992 መድኃኒት ከማይበግረው የሳንባ ካንሰር ሕዋስ፣ ቢሲአርፒ በ1998 ከጡት ካንሰር ሕዋስ ተገኙ። ጤነኛው ሳንባ ጥያቄ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ለአስም ሕመምተኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጉት ምናልባት ኦሲቲ እና ኦሲቲኤን የሚባሉት አስገቢዎች ናቸው። የአየር ቧንቧን ከሚያሰፉት መድኃኒቶች ሳልቡታሞልና ፎርሞቴሮል በሰውነት ውስጥ በአመዛኙ፣ ኢፕራትሮፒየም ደግሞ ሁልጊዜ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ነው የሚገኙት። እንዲህ ያለ ሞለኪውል ስብ የበዛበትን የሕዋስ ሽፋን በራሱ ኃይል ለማለፍ ይቸገራል።

ይህን የሚለካው ሙከራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ታቹ ወንፊት የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ በሌላ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 0.4 ማይክሮሜትር ነው። ሕዋሳቱ ወንፊቱ ላይ ይዘራሉ። ከተጣበቁ በኋላ ከላይ ያለው ፈሳሽ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲህ ሕዋሳቱ ከላይ አየር፣ ከታች ምግብ እያገኙ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። ከሰው የአየር ቧንቧ በቀጥታ የተወሰዱ ሕዋሳት ከሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ንፍጥ ማመንጨት ይጀምራሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም በላያቸው የበቀሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን እየገፉ ሲወዛወዙ ይታያል። ቀጥሎ አንድ ኤሌክትሮድ ከላይ፣ አንድ ከታች ተደርጎ የሕዋሳቱ ንጣፍ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይለካል። ተቃውሞው ዝቅ ካለ ንጣፉ ያፈሳል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለካ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም። ንጣፉ ከጠበቀ መድኃኒቱ ከላይ ይጨመርና ከታች ምን ያህል እንደደረሰ ይታያል፤ በሌላ ስኒ ደግሞ ከታች ተጨምሮ ከላይ ይለካል። ወደ ላይ የሚሄደው ወደ ታች ከሚሄደው ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ አስወጪ ፕሮቲን ይጠረጠራል። ፕሮቲኑን የሚያግድ ንጥረ ነገር ሲጨመር ልዩነቱ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ችግሩ ያለው ስኒው ላይ በተዘራው ሕዋስ ነው። በዚህ መስክ እጅግ የተለመደው ካሉ-3 በ1975 የሳንባ ካንሰር ከነበረበት የ25 ዓመት ወጣት የተገኘ ነው። ጥብቅ ንጣፍ ስለሚሠራና ንፍጥ ስለሚያመነጭ ተወደደ፤ መወደዱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ዕጢ ነው። እየተከፋፈለ ከሳህን ወደ ሳህን በተዛወረ ቁጥር የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች መጠን ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቤተ ሙከራ ፒ-ግላይኮፕሮቲን በካሉ-3 ላይ በደንብ ይሠራል ሲል ሌላው ምልክቱ ደካማ ነው ቢል አይገርምም። ለመለኪያ የሚጠቀሙበት ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒትም በሌሎች አጓጓዦች ሊነካ ስለሚችል ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ሌላው ዝነኛ ሕዋስ ኤ549 ጥብቅ ንጣፍ አይሠራም፤ ሆኖም ስለ ሳንባ ማገጃ በሚያወሩ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚወሰዱ የአስም መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳልቡታሞል እንኳ የአየር ቧንቧን ሕዋሳት እንዴት እንደሚያልፍ ስምምነት የለም። አጓጓዥ ይዞት ይሻገራል ያሉ አሉ፤ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው የሚያልፈው ያሉም አሉ።

የሕዋስ ምርጫ የቴክኒክ ጣጣ ብቻ ነው ለሚል ሰው 2020ን ላስታውስ። በወረርሽኙ መጀመሪያ ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት ኮሮና ቫይረስን እንደሚያግድ የታየው ከጦጣ ኩላሊት በተወሰደው ቬሮ ሕዋስ ላይ ነበር። በዚያ ሕዋስ ቫይረሱ የሚገባው አሲዳማ በሆኑ ከረጢቶች በኩል ስለሆነ ክሎሮኪን መንገዱን ይዘጋበታል። በሰው ሳንባ ሕዋስ ላይ ግን ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የሚባል ኢንዛይም ከሽፋኑ ላይ ሆኖ ሌላ መግቢያ ይከፍትለታል። በዚያው ዓመት በካሉ-3 ላይ ሲሞከር ክሎሮኪን ቫይረሱን አላገደውም። ነገር ግን በዚህ መሐል ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ወስደዋል። ጉዳዩ የአጓጓዥ ፕሮቲን ባይሆንም ስሕተቱ ያው ነው፤ በአንዱ ሕዋስ የታየው ስለሌላው እንዲመሰክር ተደረገ።

ተቃራኒውም ምሳሌ አለ፤ ተስፋዬም ከዚያ ይመነጫል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው የሲኤፍቲአር ብልሽት ነው። ሲኤፍቲአር ክሎራይድን የሚያሳልፍ፣ ከእነ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ጋር በአንድ የፕሮቲን ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያግዘው ኢቫካፍቶር ሲፈለግ ከሕመምተኞች የአየር ቧንቧ የተወሰዱ ሕዋሳት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መድኃኒቱ በ2012 ተፈቀደ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በቤተ ሙከራ ሕዋስ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒቱ የሚሰጥባቸውን የጂን ለውጦች ከ10 ወደ 33 አሳደገ። ለዚያ ውሳኔ ያገለገሉት ሕዋሳት የሳንባ እንኳ አልነበሩም፤ የሰው ሲኤፍቲአር የተጨመረባቸው የአይጥ ታይሮይድ ሕዋሳት ነበሩ። ታዲያ ለምን ታመኑ? ስኒው ውስጥ የሚለካው የክሎራይድ ፍሰት በሕመምተኞች ላይ ከታየው ለውጥ ጋር ተነጻጽሮ ስለነበር ነው። ሞዴል የሚታመነው ሳንባን ስለመሰለ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ በሰው ላይ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ለሳንባ አጓጓዦች ይህ ሥራ አልተሠራም፤ እንዲሠራ የሚያስገድድም የለም። በ2010 ዓለም አቀፉ የአጓጓዥ ፕሮቲኖች ጥምረት ባወጣው ሰፊ ሰነድ ትኩረቱ አንጀት፣ ጉበት፣ ኩላሊትና በደምና በአንጎል መካከል ያለው ማገጃ ነበር። በ2024 የጸደቀው ኤም12 የተባለው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት መስተጋብር መመሪያም እንዲፈተሹ የሚዘረዝራቸው አጓጓዦች በዋናነት ከአንጀት፣ ከጉበትና ከኩላሊት ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለሆነም ለሚሳብ መድኃኒት የትኛው ሕዋስ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ማነጻጸሪያ እንደሚሞከር የሚወስነው በአብዛኛው ራሱ ቤተ ሙከራው ነው።

መጽሔቶች ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ሕዋሱ ስንት ጊዜ እንደተዛወረ፣ ስንት ቀን በአየር ላይ እንደቆየ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ምን ያህል እንደነበር ያልጻፈ የአጓጓዥ ጥናት አይታተም። የጂኑን መልእክት (ኤምአርኤንኤ) ብቻ ለክቶ «ፕሮቲኑ አለ» የሚለውም እንዲሁ፤ መልእክቱ በዝቶ ፕሮቲኑ ሽፋኑ ላይ የማይገኝበት ጊዜ አለና። የካንሰር ሕዋስ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይሁን፤ መደምደሚያው ግን ከበርካታ ለጋሾች በተወሰዱ ሕዋሳት ይረጋገጥ፤ ከለጋሾቹም አጫሾችና የአስም ሕመምተኞች ይኑሩበት።

እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ውድ ናቸው፣ ውጤታቸውም ከለጋሽ ለጋሽ ይለያያል የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ውድነቱ እውነት ነው። መለያየቱን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ መድኃኒቱን የሚስቡት ሰዎችም ይለያያሉ። በአንድ ለጋሽ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ ያልሠራ አጓጓዥ ተመራማሪውን ቢያስቸግርም፣ ለሕመምተኛው ግን ዋናው መረጃ እሱ ነው።

ማነጻጸሩ ከየት ይጀመር ለሚለው አንድ ሐሳብ አለኝ። ኮርቲኮስቴሮይድ (የአየር ቧንቧን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) እና ፎርሞቴሮል በአንድ መሣሪያ አብረው የሚሳቡበት ሕክምና በሰፊው የተለመደ ነው። በቤተ ሙከራ ባደጉ የአየር ቧንቧ የጡንቻ ሕዋሳት ላይ ኮርቲኮስቴሮይድ ኦሲቲ3 የተባለው አጓጓዥ ፎርሞቴሮልን ወደ ውስጥ የሚያስገባበትን ፍጥነት ሲቀንስ ታይቷል። ሁለቱም መድኃኒቶች ለዓመታት በሕመምተኞች ላይ የተለኩ ስለሆኑ በሰው ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኙ ይታወቃል። ከጤነኛና ከአስም ለጋሾች የተወሰዱ ሕዋሳት በስኒው ላይ አድገው፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ዓይነት አሠራር፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ለየብቻና አብረው ይፈተኑ፤ ውጤቱም ከሰው መረጃ ጎን ይቀመጥ።