ከላይ ሙቀጫ፣ ከታች ሕፃን

ዛሬስ በቃኝ። ልጄን አዝዬ፣ እሹሩሩ እያልኩ ሳሎኑን ስዞር አምሽቼ፣ ገና አልጋው ላይ ከማስተኛቴ ከላይኛው ፎቅ ሙቀጫው ጀመረ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር ጣሪያው ይደነግጣል፣ የልጁ ዓይን ደግሞ ወለል ይላል። ለመሆኑ ቡና ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ካልተወቀጠ ጣዕሙን ያጣል? በርበሬ እንዲወቀጥበት ግቢው ውስጥ የተሠራው የጋራ መገልገያ ቤትስ ለጌጥ ነው?

ሙቀጫው ሲያርፍ ሶፋው ይጎተታል። በየምሽቱ ቦታ የሚቀይር ሶፋ ምን ዓይነት ሶፋ ነው? የጎን ጎረቤታችን ደግሞ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ የኳስ ጨዋታውን ለብሎኩ ነዋሪ ሁሉ በነጻ ያስተላልፋሉ፤ ማን እንዳገባ የማውቀው ከልጄ ለቅሶ ነው።

አንኳኩቼ በትሕትና ብለምን «ልጅ እኮ ጫጫታ መልመድ አለበት» ተባልኩ። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት ለሚሉት ሐኪሞች ይህን አዲስ ግኝት ማን ይንገርልኝ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅና ንዝረት በጎረቤት ላይ ማድረስን ይከለክላል። ነገር ግን አንቀጽ ጠቅሼ በር ባንኳኳ፣ በማግስቱ ደረጃው ላይ ሰላምታ የምነፈገውም፣ በእድር ስብሰባ «ጠበኛዋ» ተብዬ የምነሳውም እኔው ነኝ።